ቀልድ ያዘለችው ቃል ተሰማች ወይ? የኮሚክ ኦፔራ ሂስ አጻጻፍ

ደሴ ላይ ሙዚቃዊ ኮሜዲ አይቶ የወጣ ሰው በማግስቱ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፣ ሰው በሳቅ ፈረሰ፣ ዘፋኞቹ ግሩም ነበሩ። ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያላየው አንባቢ ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ አይወስንበትም፤ ዘፋኟም በሚቀጥለው ሳምንት ምኑን እንደምታርም አታውቅበትም።

ይህ መመሪያ ለአካባቢ ራዲዮ፣ ለመጽሔት ወይም ለራሱ ገጽ ሂስ ለሚጽፍ ሰው ነው። መነሻችን አንድ ነው። በአማርኛ የሚዘፈን ቀልድ ሁሉ አንዲት የተሸከመችው ቃል አለች፤ አንዳንዴ ቤት የምትመታዋ ናት፣ አንዳንዴ ኅብረ ቃሏ። ያች ቃል ካልተሰማች ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ኮሜዲው የለም። ዘፋኝን መመዘን የምንጀምረው ከዚያች ቃል ነው፤ ስለ ጉሮሮው ውበት የምናወራው ኋላ ነው።

መጀመሪያ የሥራውን ዓይነት ለዩ

«ኮሚክ ኦፔራ» የሚለው ስም ያሳስታል። ጣሊያኖቹ ኦፔራ ቡፋ የሚሉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኔፕልስ አካባቢ ያደገውን ነው፤ በውስጡ ንግግሩም ይዜማል። ፈረንሳዮቹ ኦፔራ ኮሚክ ሲሉ በዘፈኖቹ መካከል ተራ ንግግር ያለበትን ማለታቸው እንጂ የግድ የሚያስቀውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1875 ፓሪስ በኦፔራ ኮሚክ ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የቢዜ «ካርመን» የሚያልቀው በግድያ ነው። በእኛ አገር መድረክ የሚቀርበው ንግግርና ዘፈን የሚፈራረቁበት ስለሆነ በቅርጹ ወደ ፈረንሳዩ ይጠጋል። ይህን ያላወቀ ተቺ «ኦፔራ ብለው አወሩ» ብሎ ያልበደለ ሰው ይከሳል።

የወሎ ታዳሚም ባዶ ጆሮ ይዞ አይመጣም። ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጭር ኮሜዲ በአንድ ምሽት ቀላቅሎ ማየትን ከወሎው የኪነት ቡድን ከላሊበላ ኪነት ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም መስጠት ለምዷል። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እያዜሙ የሚመርቁና የሚሸነቁጡ ላሊበሎችን ሰምቶ አድጓል። ስለዚህ ከወንበሩ ሆኖ ለዘፋኙ ቃል ሲወረውር ብታዩ ስድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ዘፋኙ የተወረወረለትን እንዴት እንደተቀበለው መዝግቡ፤ የአንዱን ተዋናይ ብስለት ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ሥራ እንያዝ፦ የጣሊያናዊውን ዜማ ደራሲ የፔርጎሌዚን «እመቤት የሆነችው ገረድ»። እ.ኤ.አ. በ1733 ኔፕልስ ላይ በአንድ ኮስታራ ኦፔራ ገቢሮች መካከል ለማረፊያ የቀረበ ነው። ርዝመቱ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን የሚዘፍኑት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ባስ (ወፍራሙ የወንድ) ድምፅ ያለው አዛውንቱ ኡቤርቶና ሶፕራኖዋ (ቀጭኑ የሴት ድምፅ ያላት) ገረድ ሰርፒና። ሦስተኛው፣ አሽከሩ ቬስፖኔ፣ ቃል አይተነፍስም። ለትንሽ ቡድን ከዚህ የተመቸ ማግኘት ከባድ ነው። አንድ የደሴ ቡድን ወደ አማርኛ መልሶ፣ በክራርና በማሲንቆ ቃኝቶ አቀረበው እንበል።

ይህ ሥራ ለተቺ ሌላም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1746 ፓሪስ ላይ ሲታይ ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። በ1752 ሌላ የጣሊያን ቡድን እዚያው ከተማ ሲያቀርበው ግን የፈረንሳይ ሙዚቃ ይበልጣል የጣሊያን በሚል ሁለት ዓመት የዘለቀ የጽሑፍ ጦርነት ተነሣ፤ ፈላስፋው ሩሶ ሳይቀር ብዕሩን መዘዘ። ሥራው ያው ነው። ስለዚህ ሂስ ስትጽፉ ምሽቱን፣ ቡድኑንና አዳራሹን ከሥራው ለይታችሁ ጻፉ።

ከመሄዳችሁ በፊት

የዘፈኖቹን ግጥም ከቡድኑ ለምኑ። ካልሰጧችሁ ሁለት ምሽት ግቡ፤ ከሰጧችሁም ሁለት ምሽት ብትገቡ ይሻላል። በመጀመሪያው ምሽት ግጥሙን ሳታነቡ ስሙ። አንብባችሁ ከገባችሁ ያልተዘፈነውን ቃል ጆሯችሁ ከራሱ እየሞላ «ጥርት ብሎ ተሰማ» ያሰኛችኋል። ተቺን እንደዚህ የሚያታልል ነገር የለም። ለሁለተኛው ምሽት ግጥሙን አንብባችሁ ግቡ።

ቲኬቱን በራሳችሁ ገንዘብ ግዙ። ከተማው ጠባብ ነው፤ ከዘፋኞቹ አንዷ የአክስታችሁ ልጅ ብትሆን ወይ አትጻፉ ወይ በመጀመሪያው አንቀጽ ዝምድናውን ተናገሩ።

አቀማመጥን በተመለከተ፣ በወሎ ባህል አምባም ይሁን በትምህርት ቤት አዳራሽ ፊተኛው ረድፍ ላይ አትቀመጡ። እዚያ የምትሰሙት ከመድረኩ በቀጥታ የሚወጣውን ድምፅ ነው፤ ከኋላ ያለው ሰው የሚሰማው ግን በድምፅ ማጉያው ያለፈውን ነው። ከአዳራሹ ርዝመት ከፊት ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን፣ ከማጉያው ፊት ለፊት ሳትሆኑ ተቀመጡ። በሁለተኛው ምሽት ቦታ ቀይሩ፤ የግራው ጎን ቃል የማይሰማበት ከሆነ ጥፋቱ የዘፋኙ ላይሆን ይችላል።

እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በጨለማ ቀለሙ ያዝ ያደርጋል፣ ስልክ ደግሞ ብርሃኑ ጎረቤት ያውካል። በእያንዳንዱ ገጽ ከአራት መስመር በላይ አትጻፉ፣ ጨለማ ውስጥ ይደራረባል። ለሳቅ ሦስት ምልክት ይበቃል፦ አዳራሹ በሙሉ ከሳቀ ክብ፣ ግማሹ ከሳቀ ግማሽ ክብ፣ ቀልድ ተብሎ የተወረወረው ከወደቀ ሰረዝ። ከምልክቱ አጠገብ ሰዓቱንና አንዲት ቃል ጻፉ። ያለዚያ በማግስቱ ሠላሳ ክብ ይዛችሁ የምኑ እንደሆነ አታስታውሱም።

ቃሉን መመዘን

ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ይህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ኡቤርቶ መድረክ ላይ ሲገባ ቸኮላታ ጠብቆ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ተርጓሚው ቸኮላታውን ቡና ካደረገው አተረፈ፤ ደሴ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የማያውቅ የለምና መጠበቁ በራሱ ያስቃል። አዛውንቱ እንዲህ ብሎ ይዘፍናል እንበል፦

ቡና አፍዪ ብላት «ገና ነው» አለችኝ፣
ጥምቀትም አለፈ ስኒ መች ሰጠችኝ።

የወል ቤት ነው፤ ስንኙ 12 ቀለም፣ ሐረጉ ስድስት ስድስት። ቀልዱ «ገና» ላይ ነው። ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ዘፋኙ ላልቶ ሊለው ይገባል። አጥብቆ ካለው በዓሉ ወዲያው ይታወቅና የሚገለበጥ ነገር አይኖርም። ግልበጣውን የምታመጣው «ጥምቀት» ናት። እሷ ላይ ከበሮው ከወደቀባት ግጥሙ ስለ ቡና ብቻ ሆኖ ያልፋል፣ ማስታወሻችሁም ላይ ሰረዝ ይገባል። «ዘፋኙ አላሳቀም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ከበሮ መቺውን አስታውሱ።

መጥበቅና መላላት በዘፈን የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የሚጠብቅ ፊደል ጊዜ ይፈልጋል፤ ዜማው ሁለት እኩል አጫጭር ድምፆች ከሰጠው ይላላል። «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ሰፊ» ልብስ ሰፊው ወይስ ያልጠበበው? በንግግር የማንሳሳተውን በዘፈን እንሳሳታለን። ጣሊያኖቹም ያው ጣጣ አለባቸው፤ «ኖኖ» ሲላላ ዘጠነኛ፣ ሲጠብቅ አያት ነው። ተርጓሚና ዜማ ደራሲ ሳይነጋገሩ የሠሩት ሥራ መጀመሪያ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሳድስ ነው። ሳድስ ፊደል ባሕርዩ አጭር ስለሆነ ረጅም ድምፅ ሲጫንበት ወደ ሳልስ ወይም ወደ ግእዝ ይሸሻል፤ «ልብ» ተጎትቶ «ሊብ» ይሆናል። ሦስተኛው የሶፕራኖዋ ነው። ከፍ ስትል ኢና ኡ አፍን ስለሚያጠቡባት ድምፁን ለማዳን ትከፍታቸዋለች፣ «ሂድ» «ሄድ» መስሎ ይወጣል። ይህ የሥልጠና ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ ከላይኛው ድምፅ ላይ ቀልድ ያስቀመጠው ደራሲ ጥፋት ሊሆን ይችላል። አራተኛው ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ናቸው። እነዚህ ትንፋሽ ቆርጠው የሚወጡ ናቸው፤ ዜማ እንዳይቋረጥበት የሚፈራ ዘፋኝ ያለሰልሳቸውና «ቀ» ወደ «ከ» ይጠጋል።

ፍጥነትም አለ። በኦፔራ ቡፋ ባሱ ቃል እንደ ቆሎ የሚዘግንበት ዘፈን የተለመደ ነው። ኡቤርቶም «ወዲህም ወዲያም፣ ላይም ታችም፣ አዎም አይደለምም» እያለ የሚንጨረጨርበት አለው። በአማርኛ አንድ ባለ ስድስት ቀለም ሐረግ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ካለፈ ቃሉ መበላት ይጀምራል። በልባችሁ «አንድ ሺ አንድ» እያላችሁ መለካት ትችላላችሁ። ሰንጎ መገን፣ አምስት አምስቱ፣ ለፍጥነት ከወል ቤት ይመቻል። የቡሄ በሉ አራት አራቱ ደግሞ ከሁሉ ይፈጥናል፤ ግን ጆሮ ቶሎ ስለሚለምደው አሥር ስንኝ ካለፈ ያሰለቻል።

አሁን ቁጠሩ። በመጀመሪያው ምሽት አሥር ቀልዶች ምረጡና የተሸከመችው ቃል ያለ ግጥም ተሰምታችሁ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ስለ ቃል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃችኋል። አምስትና ከዚያ በታች ከሆነ የሂሱ ዋና ጉዳይ እሱ ነው፤ ምክንያቱን ፈልጉ። ያው ሰው ሲናገር እየተሰማ ሲዘፍን ከጠፋ ዜማው ወይም አጃቢው ነው። ከፍ ሲል ብቻ ከጠፋ አናባቢው ነው። ሲፈጥን ብቻ ከሆነ ፍጥነቱ ነው። «ሰ» እና «ሸ» እንደ እባብ የሚያፏጩ ከሆነ የማጉያው ቀጭን ድምፅ በዝቷል። «በ» እና «ፐ» ጆሮ የሚመቱ ከሆነ ማይኩ አፍ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ቦታው ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ወደ ጎን ነበር። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ ያለ ማጉያ ከዘፈኑላችሁ ያን ደቂቃ እንደ ስጦታ ቁጠሩት፤ የማን ድምፅ የራሱ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው።

ማስዋብም ቦታ አለው። ድምፅን ማርገብገብና ማዞር ለአምባሰል ጌጥ ነው፤ በሐረጉ መጀመሪያ፣ «አይ» እና «ወይ» ላይ ቢሆን ማንንም አይጎዳ። ቀልድ ያዘለችው ቃል ላይ ሲሆን ግን ቃሏን ያደበዝዛል። ጥሩ አዝማሪ ስንኙን አዙሮ አዙሮ ሲያበቃ መጨረሻውን ደረቅ አድርጎ ይጥለዋል።

ቅኝቱን መስማት

ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው፤ የደሴ አንባቢ «ከቅኝት ወጣች» ብላችሁ ብትጽፉለት በየቱ ላይ ብሎ ይጠይቃችኋል። መነሻውን ዶ ካደረግነው እንዲህ ናቸው («ፍላት» በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፤ ማይነሩ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ።

አምባሰልና አንቺሆዬን አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት አራተኛውና አምስተኛው ላይ ነው። ሶል ፍላት ለጉሮሮ አስቸጋሪ ስለሆነች፣ የደከመ ዘፋኝ ከአንቺሆዬ ወደ አምባሰል ይንሸራተታል። ይህን ከሰማችሁ «ቅኝት ሳተ» ከማለት «አንቺሆዬው በሦስተኛው ስንኝ ላይ አምባሰል ሆነ» በሉ። አምባሰልን ከማሪቱ ለገሰ የሰማ ጆሮ ያለው አንባቢ ይረዳችኋል፣ ዘፋኙም የት እንደሚለማመድ ያውቃል።

አጃቢ ዝም ሲልና ዘፋኝ ብቻውን ሲቀር ንቁ። ክራሩ ሲመለስ ሁለቱ ከተገናኙ ጆሮው የታመነ ነው፤ ዘፋኙ ወርዶ ከተገኘ ትንፋሽ አጥሮታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ከቆላ መጥቶ በማግስቱ መድረክ የወጣ ዘፋኝ ረጅም ሐረግ መሃል ላይ ቢተነፍስ አይገርምም። ግን ለማመካኛ አትስጡት፤ ቀድሞ መምጣት ወይም ሐረጉን በሚያምር ቦታ መቁረጥ የእሱ ሥራ ነው። ቃል መሃል ሲተነፍስ ጥፋት ነው፣ በሐረግና በሐረግ መካከል ሲሆን ግን ማንም አይሰማውም።

አንድ የክራር ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ክራር በአንድ ጊዜ የሚቃኘው በአንድ ቅኝት ነው። ከትዝታ ሜጀር ወደ አምባሰል ለመሄድ ሦስት ድምፅ መነካት አለበት፦ ሬ ወደ ሬ ፍላት ይወርዳል፣ ሚ ወደ ፋ ይወጣል፣ ላ ወደ ላ ፍላት ይወርዳል። ከትዝታ ማይነር ወደ አምባሰል ከሆነ ሁለት ብቻ ነው፤ ሬ ይወርዳል፣ ሚ ፍላት ወደ ፋ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ትዕይንት መሃል ላይ ተዋናዮቹ ያለ ምክንያት ወሬ ቢያበዙ ወደ ክራሩ ተመልከቱ፣ ደርዳሪው እየቃኘ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀድሞ የተቃኙ ሁለት ወይም ሦስት ክራሮች ማዘጋጀት ነው፤ ይህን በሂሱ ላይ መጻፍ ለቡድኑ ከአሥር ምስጋና ይጠቅማል። በክረምት የከበሮ ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይላላና ድምፁ ይወፍራል፤ የሚሸፍነውም የባሱን ድምፅ ነው። በሐምሌ የተሰማ ባስ በጥር ከተሰማ ጋር አይወዳደርም።

ቅኝቱ ራሱ ቀልድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኡቤርቶ የቀረበትን ቡና በትዝታ ቢያንጎራጉር፣ ሳቁ የሚመጣው ዜማው ከልብ፣ ጉዳዩ ግን ከሲኒ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለው በትክክልና በሐዘን መዘፈን አለበት። ዘፋኙ ፊቱን እያጣመመ፣ ድምፁን እያሾፈ ከዘፈነው ሁለት ቀልድ በአንድ ላይ ይሆንና ሁለቱም ይሞታሉ። የቀልድ ዘፈን ነው ተብሎ ለደካማ ዘፋኝ የሚሰጠው ስህተት ነው፤ የተሻለውን ይፈልጋል።

ሳቁን መመርመር

አዳራሹ መሳቁ ማስረጃ ነው፣ የምን ማስረጃ እንደሆነ ግን መጠየቅ አለበት። በገጠር አነጋገር የሚያስቀውን ዘፋኝ እንውሰድ። አነጋገሩን አውጥታችሁ ያችኑ ቃል በተራ አማርኛ በልባችሁ ድገሟት። ካሳቀች ቀልዱ የጸሐፊው ነው። ካላሳቀች የተሳቀው በባላገሩ ነው፤ የወሎን አነጋገር በ«አብሽር» ብዛት ብቻ ለማስመሰል የሚሞክር ተዋናይም ቶሎ ይነቃበታል። የእስላምና የክርስቲያን ጎረቤት መቀላለድ በወሎ የቆየ ነው። እዚያ ላይ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱም ወገን እኩል ተነካ ወይስ አንዱ ብቻ?

የሳቅ አያያዝም የዘፋኝ ሙያ ነው። ሳቁ ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር፣ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ፣ ቀጣዩ ቃል መግባት አለበት። ቀድሞ የገባ ቃሉን ያስበላል፣ ጸጥ እስኪል የጠበቀ ደግሞ አዳራሹን ያቀዘቅዛል። ዘፈን መሃል ሲሆን ይከብዳል፤ አጃቢው አንድ ዙር ደግሞ እንዲጠብቅ የተስማሙበት ምልክት መኖሩን እዩ።

ስለ ቬስፖኔ አትርሱ። ቃል የሌለው ሰው ሳቅ ሲያገኝ ያገኘው በሰውነቱ ነው፤ ሌላው እየዘፈነ ሳቅ ከሰረቀ ግን ጥፋት ነው፣ አዘጋጁም ይጠየቅበታል። ይኸው አሽከር ኋላ ሰርፒናን ሊያገባ የመጣ ካፒቴን ተመስሎ ሲገባ በስሙ 4,000 ስኩዲ (የድሮ የጣሊያን ገንዘብ) ለሰርፒና ጥሎሽ ክፈል ተብሎ የሚጠየቀው ኡቤርቶ ነው። እዚህ ላይ ትርጉሙን በደንብ ስሙ። በእኛ ጥሎሽ የሚያመጣው የወንዱ ወገን ነውና «ጥሎሽ» ብሎ ብቻ የተረጎመው ሰው ታዳሚውን ማን ለማን ይከፍላል ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ ሲያስብ ደግሞ አይስቅም። መብራት፣ አልባሳትና መጋረጃ ከታሪኩ ጋር ካልተጋጩ በሁለት መስመር ይለፉ።

መጻፍ

ከ600 እስከ 900 ቃል ይበቃል። የመጀመሪያው አንቀጽ ሥራውን፣ ቦታውን፣ የትኛው ምሽት እንደሆነና ፍርዳችሁን ይያዝ፤ ፍርድን ለመጨረሻ ማቆየት ለልብ ወለድ ነው። ታሪኩን ከ80 ቃል አታሳልፉ፣ ካፒቴኑ ማን እንደሆነም አትናገሩ። ዋና ዋና ዘፋኞችን በአንድ በአንድ ማስረጃ ጻፉ። የሁሉንም ስም ለመጥራት አትሞክሩ፤ ያ የምስጋና ደብዳቤ ይሆናል።

«ገረዲቱን የተጫወተችው ዘፋኝ ድንቅ ድምፅ አላት» የሚለውን አውጥታችሁ ያያችሁትን አስገቡ። ለምሳሌ፦ «ገረዲቱ ዝቅ ባለው ድምፅ ላይ እያንዳንዷን ቃል ታደርሳለች፤ በሁለተኛው ገቢር ከፍ ስትል ግን ከአራት ቀልዶች ሦስቱ አናባቢያቸው ተከፍቶ አመለጡን። ዜማውን አንድ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይፈታዋል።» ይህ ጠንከር ያለ ነው፤ ሆኖም ማንም አይሰደብበትም፣ መውጫም ያሳያል። ስለ ሰው ቁመት፣ ውፍረትና መልክ የሚጻፍ ሁሉ ሚናው ካልጠየቀው ይውጣ።

አንቱታው ላይ ተጠንቀቁ። ስናመሰግን «አቀረቡ»፣ ስንወቅስ «አበላሸ» የምንል ብዙ ነን፤ አንባቢ ቶሎ ያስተውለዋል። አንጋፋውን «እሳቸው» ካላችሁ በወቀሳውም «እሳቸው» ይሁኑ። ወጣቱን «እሱ» ካላችሁ ሲያምርለትም «እሱ» ነው።

ከትርኢት በኋላ ከቡድኑ ጋር ቡና ከጠጣችሁ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ግጥሙን ማን መለሰው፣ ይህ ዘፈን በየትኛው ቅኝት ታስቦ ነበር፣ ምን ተቆርጧል። ፍርዳችሁን እዚያ አትናገሩ። የስሞችን አጻጻፍ ከፕሮግራሙ ወረቀት ቅዱ፤ «ሠ» እና «ሰ» ለባለቤቱ አንድ አይደሉም።

ሂሱ ከወጣ በኋላ ስህተት ከተገኘበት፣ ስም ወይም ቅኝት ከሆነ፣ ያንኑ ቀን አርሙና እንደታረመ ከሥሩ ጻፉ። አስተያየት ከሆነ ግን አትደልዙት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1816 የሮሲኒ «የሴቪልያው ፀጉር አስተካካይ» ሮም ላይ በመጀመሪያው ምሽት በፉጨት ተሰድቦ በሁለተኛው ምሽት ተጨብጭቦለታል፤ ሁለቱም ምሽቶች የሆኑ ናቸው። ቡድኑ ዜማውን ዝቅ አድርጎ፣ ከበሮውን አርቆ፣ ክራሩን አብዝቶ ከተመለሰ እንደገና ቲኬት ገዝታችሁ ግቡ። ያንኑ አሥር ቀልድ ቁጠሩና አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጎን አስቀምጡ።